«ከንፈር አይዋሽም» ላሉት ጸሐፊ፦ የጠጅ ቤቱን ብርሌ ይዤ መጥቻለሁ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው። ርዕሱ «ከንፈር አይዋሽም» ይላል። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰው ላከልኝ። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ነው። አንዱ ፖሊስ የሆነ የአጎቴ ልጅ። ሦስተኛዋ ሕግ የምትማር የጎረቤቴ ልጅ ናት። ሦስቱም ያንኑ ጠየቁኝ፤ «አንተ የጥርስ ሐኪም አይደለህ? እውነት ነው?»

ጽሑፉ ይጥማል፤ አልዋሽም። የሚጀምረው ቢቸና አካባቢ በሰርግ ማግስት ወርቅ ሲጠፋ ነው። (ታሪኩ ምናብ መሆኑን ጸሐፊው ራሳቸው ነግረውናል።) የሙሽራዋ ክፍል ውስጥ አንድ ብርጭቆ ተገኘ። ብርጭቆው ላይ የከንፈር ምልክት አለ። መርማሪው ትኩር ብሎ አየና «ይህ የሴት ከንፈር ነው» አለ። ወንዶቹ ሁሉ ተሰናበቱ። ሴቶቹ ተራ በተራ ወረቀት ሳሙ። ሌባዋ ተያዘች።

ከዚያ ወደ ሳይንሱ ይገባሉ። የሚሉት ባጭሩ ይኸው ነው፤ የማንም ከንፈር ከሌላ ሰው ጋር አይገጥምም። ከማሕፀን እስከ መቃብርም አይለወጥም። ወንድና ሴት በከንፈር መስመር ይለያሉ። የውጭ አገር ፍርድ ቤትም ተቀብሎታል። ስለዚህ በየወረዳው ያለ ፖሊስ ብርጭቆው ላይ ዱቄት ነስንሶ፣ ሊፒስቲክና ወረቀት ይዞ ዛሬውኑ ይጀምር።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና እንደ አመጣጣቸው ልሂድ።

መጀመሪያ የሚገባቸውን ልስጣቸው። የከንፈር አሻራ ተረት አይደለም። ቀዩ የከንፈር ክፍል ላይ ያሉትን መስመሮች በፈረንጆች 1902 ፊሸር የሚባል ሰው አስተውሎ ጽፎባቸዋል። በ1932 ደግሞ ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ ውስጥ የወንጀል ምርመራ ላቦራቶሪ ያቋቋመው ኤድሞን ሎካር ሰውን ለመለየት ይጠቅማሉ አለ። ነገሩን መልክ ያስያዙት ግን ጃፓኖቹ ሱዙኪና ጹቺሃሺ ናቸው። በ1970 መስመሮቹን በዓይነት በዓይነት ከፈሏቸው። ዛሬም አብዛኛው አጥኚ የሚሠራው በእነሱ አከፋፈል ነው።

አከፋፈሉን በእኛ አገር እርሻ ብናየው ይቀላል። አንደኛው ዓይነት ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ የሚወርድ መስመር ነው፤ አንዴ የታረሰ ማሳ ይመስላል። መስመሩ መንገድ ላይ ከቆመ የአንደኛው ታናሽ ወንድም ተብሎ ለብቻው ይመዘገባል። ሁለተኛው እንደ ባላ ለሁለት የሚከፈል ነው። ሦስተኛው የተጠላለፈ ነው፤ ተመልሶ በአግድም የታረሰ ማሳ በሉት። አራተኛው እንደ ወንፊት መረብ ይሠራል። አምስተኛው? ከአራቱ በአንዱም አልገባ ያለ ሁሉ እዚያ ይጣላል። ይቺን አምስተኛዋን ያዙልኝ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ነጥብ፤ «የማንም ከንፈር ከሌላው አይገጥምም።» ጹቺሃሺ በ1974 ባወጣው ጥናት የ1,364 ጃፓናውያንን ከንፈር አይቶ ሁለት አንድ ዓይነት አላገኘም። ሊሆን ይችላል። እኔም ሁለት ፍጹም አንድ የሆኑ ከንፈሮች አሉ ብዬ አልከራከርም። ሁለት ፍጹም አንድ የሆኑ የጤፍ እንጀራዎችም የሉም፤ ዓይኑን ብትቆጥሩት ይለያያል። ጥያቄው ግን ሌላ ነው። ብርጭቆ ላይ የቀረው ግማሽ የደበዘዘ ምልክት የማን እንደሆነ ሰው አይቶ ሳይሳሳት መናገር ይችላል ወይ? ስንት ጊዜ ይሳሳታል? ከንፈሩ ልዩ መሆኑና የእኛ ዓይን ልዩነቱን መያዙ ሁለት ነገር ነው። ጽሑፉ ከአንዱ ወደ ሌላው ዘሎ ነው የተሻገረው።

የጣት አሻራ እንኳ ከዚህ ጣጣ አላመለጠም። በፈረንጆች 2004 ማድሪድ ላይ ባቡር በፈነዳ ጊዜ የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. ከአንድ ከረጢት የተገኘ የጣት አሻራ ኦሪገን ውስጥ የሚኖር የአንድ ጠበቃ ነው ብሎ ሰውየውን አሰረ። የስፔን ፖሊስ ግን አሻራው የሌላ ሰው መሆኑን አረጋገጠ። ይህ የሆነው ከመቶ ዓመት በላይ በተሠራበት፣ መዝገብና ባለሙያ በሞላው በጣት አሻራ ነው። ከንፈር ደግሞ መዝገብ እንኳ የለውም።

ሁለተኛው ነጥብ፣ «ከማሕፀን እስከ መቃብር አይለወጥም» የሚለው፣ የሙያዬ ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ጸሐፊው «ከስድስተኛው ሳምንት ጀምሮ» ይላሉ። አዎ፣ የላይኛው ከንፈር ግራና ቀኙ መጥቶ የሚገጥመው በዚያ ጊዜ ገደማ ነው። ሳይገጥም ሲቀር ነው ልጅ ከንፈሩ ተሰንጥቆ የሚወለደው። ያ ግን የከንፈሩ አፈጣጠር ነው። ሲኒ ላይ የሚያርፈው አሻራ ሌላ ጉዳይ ነው።

የጣት መስመር የቆዳው ሥር የተከለው ነው። ላዩ ቢላጥ ከሥር ያው መስመር ተመልሶ ይበቅላል። የከንፈር መስመር ግን እጥፋት ነው። ከሥሩ አፍን የሚከብ ጡንቻ አለ። ከኋላው ጥርስ አለ። ከፊት ለፊት ደግሞ ከጮቄ የሚወርደው ብርድና የመጋቢት ፀሐይ አለ። በበጋ አጨዳ የዋለ ሰው ከንፈር እዩ። ተሰንጥቋል፣ ተልጧል፣ አንዳንዴም ይደማል። ማታ ቅቤ ቀብቶት ያድራል። የዚያን ሰው ከንፈር ኅዳር ላይ ብትወስዱና ነሐሴ ላይ ብትወስዱ ትልልቆቹ መስመሮች ይመሳሰሉ ይሆናል። ትንንሾቹን ግን እንጃ። ትንንሾቹ ደግሞ ዓይነቱን ሊያሳስቱ ይችላሉ።

ጥርሱን ደግሞ ተመልከቱ። ከንፈርን ከኋላ ደግፎ የያዘው የፊት ጥርስ ነው። የፊት ጥርሳቸው ያለቀ አዛውንት ከንፈራቸው ወደ ውስጥ ይሰጥማል፤ ዙሪያው ይጨማደዳል። ተነቃይ ጥርስ ስናደርግላቸው ተመልሶ ይወጣል። ክሊኒካችን ውስጥ በየሳምንቱ የማየው ነገር ነው። ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶ «እንዴ! አሥር ዓመት ቀነሱ እኮ» ይላል። ፊቱ እንዲህ የሚቀየር ከሆነ ከንፈሩ ወረቀት ላይ የሚያርፍበት ሁኔታስ እንዴት ያው ይሆናል?

ገበሬዎቻችን የጣት አሻራ ሲሰጡ የሚገጥማቸውንም ሁላችንም እናውቃለን። ሞፈርና እርፍ የፋቀው ጣት ማሽኑ ላይ ሲቀመጥ «አልተነበበም፣ ድገም» ይባላል። ሥር ያለው የጣት መስመር ይህ ከደረሰበት፣ ከንፈርን «አይለወጥም» ብሎ መማል ድፍረት ነው።

አሁን ወደ ዋናው። «ወንድና ሴት በከንፈር ይለያሉ፤ ቀጥ ያለው የሴት፣ የተጠላለፈው የወንድ ነው።» የጎረቤቴ ልጅ የላከችልኝ ይህን ቦታ በቢጫ አቅልማ ነው።

ጸሐፊው ከዜሮ አልፈጠሩትም። በተለይ ሕንድ ውስጥ፣ በጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች፣ በጉዳዩ ላይ ብዙ ትንንሽ ጥናት ተሠርቷል። ከነዚህ አንዳንዶቹ ቀጥ ያለው መስመር በሴቶች፣ የተጠላለፈው ወይም መረቡ በወንዶች በዛ ብለዋል። ችግሩ «አንዳንዶቹ» የምትለው ቃል ናት። ሌሎቹ ያገኙት ሌላ ዓይነት ነው። በወንዱም በሴቱም ያው ዓይነት በዛ ያሉም አሉ። ልዩነት አላየንም ብለው የዘጉም አሉ። ጽሑፉ ከዘንቢሉ የበሰለውን ብቻ መርጦ ነው ያቀረበልን።

ለምን ተለያዩ? አንዱ ምክንያት የሚታየው ቦታ ነው። አንዱ አጥኚ ከንፈሩን ላይና ታች፣ ግራና ቀኝ ብሎ ለአራት ይከፍለዋል። ሌላው ለስድስት። ሌላው የታችኛውን ከንፈር መሐል አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ይመለከታል። አንድ ሰው ግራው ላይ ባላ፣ ቀኙ ላይ መረብ፣ መሐሉ ላይ ቀጥ ያለ ሊኖረው ይችላል። እንዲያውም የተለመደው ይሄ ነው። ታዲያ ይህ ሰው የቱ ነው? መሐሉን ያየው «ሴት» ይላል፤ ቀኙን ያየው «ወንድ»። ሌላው ምክንያት የሰው ዓይን ነው። ባላው የት ላይ አልቆ መረቡ የት ይጀምራል? ያዙልኝ ያልኳችሁ አምስተኛዋ ዓይነትስ? አንዱ «ግልጽ አይደለም» ብሎ የጣለውን ሌላው «ሦስተኛ ነው» ብሎ ይመዘግበዋል።

ይህ ሁሉ ባይኖርስ? ጸሐፊው ያሉት ልዩነት በእርግጥ አለ እንበል። እንግዲያውስ ቁጥር እንፍጠር፤ የእኔ ምሳሌ ነው፣ ከጥናት የመጣ አይደለም። ከ100 ሴቶች 60ዎቹ ቀጥ ያለ ይኑራቸው። ከ100 ወንዶች ደግሞ 40ዎቹ። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ጥናት ላይ ቢወጣ አጨብጭበን እንቀበለዋለን። አሁን ቀጥ ያለ መስመር ያለበት ብርጭቆ መርማሪው እጅ ገባ። «የሴት ነው» ቢል ከ100 ብርጭቆ በ40ው ተሳስቷል። ሳንቲም ወርውሮ ቢገምት በ50ው ይሳሳት ነበር። የሳይንሱ ትርፍ ይቺው ናት።

ልዩነት አለ ማለትና ይለያል ማለት አንድ አይደለም። ማርቆስ ውስጥ ጋቢ የሚለብስ በብዛት ወንድ ነው፣ ነጠላ የምትለብስ ሴት። ማንም አይክድም። ግን በሐምሌ ሌሊት ለኪዳን ስትሄዱ ከፊታችሁ ጋቢ ተከናንቦ የሚሄደውን ሰው «አባባ፣ እንደምን አደሩ?» በሉት እስኪ። ስንት ጊዜ «አባባ አይደለሁም፣ እማማ ነኝ» እንደምትባሉ ታያላችሁ። እኔ ሁለቴ ተብያለሁ።

ደግሞ ብርጭቆው የተገኘበትን ቦታ አስቡ። አንድ ጠጅ ቤት ግቡ። ከአሥሩ ጠጪ ዘጠኙ ወንድ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። ብርሌውን ሳላይ፣ ዓይኔን ጨፍኜ «የወንድ ከንፈር ነው» እያልኩ ብቆጥር ከጸሐፊው መርማሪ የበለጠ ትክክል እሆናለሁ። የእኔ ትክክል መሆን ግን ስለ ከንፈር ምንም አይናገርም። ስለ ጠጅ ቤቱ ነው የሚናገረው። እነዚያ ጥናቶች ግን ብዙ ጊዜ ወንድና ሴት ተማሪዎችን ተቀራራቢ ቁጥር አድርገው፣ ንጹሕ ከንፈር ላይ ሊፒስቲክ ቀብተው፣ በስኮች በጥንቃቄ አንሥተው የተሠሩ ናቸው። የወንጀል ቦታ እንደዚያ አይደለም።

ብርሌውን ካነሳነው አይቀር ቅርጹንም ልብ በሉ። አንገቱ ቀጭን ነው። ከንፈር የሚነካው በጠባብ ቀለበት ነው። አራት ቦታ የሚከፈለው ከንፈር የት አርፎ ይከፈል? የጠላው ሽክናም አለ። ጠርዙ ሸካራ ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት ሊቀባበለው ይችላል። የሦስት ሰው ከንፈር አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ታገኛላችሁ። ቄሱ የሚያሳልሙትን መስቀልማ ተዉት። ከቅዳሴ በኋላ የመንደሩ ሕዝብ በሙሉ እዚያ ላይ አለ።

ጸሐፊው ያላዩት ትልቁ አደጋ ግን ታሪካቸው ውስጥ ያለችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ «ወንዶቹ ሁሉ ተሰናበቱ።» ሌባው ወንድ ቢሆንስ? በቅሎውን ጭኖ፣ ምሳውን በልቶ፣ ሙሽሮቹን መርቆ ሄደ ማለት ነው። የቀሩት ሴቶች ናቸው። ከእነሱ መካከል ደግሞ «ከሁሉም የሚመስለው» መፈለጉ አይቀርም። በሚመስል ፍለጋ ውስጥ ሁልጊዜ የሚመስል ይገኛል። አንዷ ምስኪን አጃቢ ትያዛለች።

እንዲህ ዓይነት ነገር ከዚህ በፊት አይተናል። አያቶቻችን ሌባሻይ የሚባል ነበራቸው። ለአንድ ልጅ የሚያደነዝዝ ነገር ያጠጡታል፤ ወገቡ ላይ ገመድ አስረው ይለቁታል። እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። አውጫጭኝም ነበር። አገሬው ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪጠቆም ድረስ ከቦታው አይነሣም። አውጫጭኝ ቢያንስ ሰው ተጠይቆ ይመልስበታል። ሌባሻይ ግን ስንት ጊዜ እንደተሳሳተ ማንም አልቆጠረለትም። የታወሰው የያዘው ብቻ ነው። ጸሐፊውን ከሌባሻይ ጋር ማመሳሰሌ ከረረ መሰለኝ፤ ይቅርታ። ነገር ግን ስሕተቱ ያልተቆጠረ ዘዴ፣ ነጭ ገዋን ለብሶ ቢመጣም ከዚያ ብዙም አይርቅም።

የፍርድ ቤቱ ነጥብ አጭር ነው። ጸሐፊው «አሜሪካ ውስጥ በከንፈር አሻራ ተፈርዷል» ብለዋል። ልክ ነው። ኢሊኖይ ግዛት ኤልጅን ከተማ ውስጥ በፈረንጆች 1993 አንድ ሰው ተገደለ። ቦታው ላይ የተገኘ የሚያጣብቅ ፕላስተር ላይ የከንፈር ምልክት ነበር። ምልክቱ የተከሳሹ ነው ተባለ። በ1997 ተፈረደበት፤ በ1999 የይግባኝ ፍርድ ቤቱም አጸናው። ጽሑፉ እዚህ ላይ አራት ነጥብ አድርጓል። ታሪኩ ግን ይቀጥላል። ከዓመታት በኋላ ያ ፍርድ ተነሥቶ ጉዳዩ እንደ አዲስ እንዲታይ ታዘዘ፤ ሰውየውም ከእስር ወጣ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! በ2009 ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ያቋቋመው ኮሚቴ የፎረንሲክ (የወንጀል ማስረጃ ምርመራ) ዘዴዎችን ፈትሾ ከዲ.ኤን.ኤ. በቀር አንድን ማስረጃ ከአንድ ሰው ጋር በአስተማማኝ ሁኔታ እንደሚያገናኝ በጥብቅ የተረጋገጠለት የለም ብሏል። እዚያ ውስጥ የጣት አሻራም ተወቅሷል።

እንግዲህ «በየወረዳው ዛሬውኑ ይጀመር» የሚለው ቀረ። የአጎቴ ልጅ ያሳሰበው ይሄ ነው። «ታዲያ ብርጭቆውን ልጣለው?» አለኝ። በፍጹም አትጣለው! ከንፈር የነካው ብርጭቆ ላይ ከመስመር የሚበልጥ ነገር አለ፤ ምራቅና ከከንፈር የተላጡ ሕዋሳት። እዚያ ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ. ይገኛል። ወንድ ነው ሴት የሚለውንም መላምት ሳያስፈልግ ከዚያው ማወቅ ይቻላል፤ ላቦራቶሪዎች አሜሎጄኒን የሚባል የጥርስ ኢናሜል ሲሠራ የሚያገለግል ዘረ መል ያያሉ። በኤክስና በዋይ ክሮሞዞም ላይ ርዝመቱ ይለያያል፤ ዋይ ያለው ደግሞ ወንድ ነው። (የጥርስ ሐኪም ስለሆንኩ በዚህ ትንሽ ልኩራ።)

ስለዚህ መጀመሪያ ፎቶ ይነሣ። ቀጥሎ በንጹሕ ጥጥ ይወሰድ፤ በባዶ እጅ አይነካ። ብርጭቆው ይድረቅና በወረቀት ከረጢት ይግባ። ፌስታል ውስጥ ከታፈነ ርጥበቱ ያበላሸዋል። ማን ከማን ተቀበለ፣ ስንት ሰዓት፣ ይጻፍ። ምልክቱን ለማጉላት ዱቄት የሚነሰነሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጸሐፊው ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጠው ከዱቄቱ ጀምረዋል።

ከሰው ላይ ናሙና መውሰድም «ነይ ወረቀት ሳሚ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ አንቀጽ 34፣ የተከሳሽ አካል ምርመራ ሲያስፈልግ ፖሊሱ በሐኪም እንዲያስመረምር ይላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ደግሞ ተከሳሽ ጥፋተኝነቱ በሕግ እስኪረጋገጥ እንደ ንጹሕ የመገመት መብት ይሰጠዋል። ዝርዝሩን ለጎረቤቴ ልጅ ትቻለሁ፤ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ። ጽሑፉን ካነበብኩ በኋላ እሑድ ደምበጫ እናቴ ጋ ሄጄ ነበር። የፊት ጥርሷ ተነቃይ ነው። የእህቴን ሊፒስቲክ ተቀበልኩና ከንፈሯን ቀባኋት። አማተበች። ጥርሷን እንዳደረገች አንድ ወረቀት ሳመች፤ አውልቃ ደግሞ ሌላ ወረቀት። ሦስተኛውን እኔ ሳምኩ። ሦስቱን ፎቶ አንሥቼ፣ የማን እንደሆኑ ሳልናገር፣ ለባልደረባዬ ላክሁና «በጽሑፉ ሕግ ወንድና ሴቱን ለይልኝ» አልኩት። ጥናት አይደለም፣ የእሑድ ጨዋታ ነው።

መልሱ ቡና ሳይወርድ መጣ። እናቴ ጥርሷን አድርጋ፣ ሴት። እናቴ ጥርሷን አውልቃ፣ ወንድ። እኔ፣ ሴት።

ስነግራት ሲኒዋን አስቀምጣ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። «ይህን ሁሉ ዓመት አስተምሬህ፣» አለች፣ «እናትህ ሴት መሆኗን ለማወቅ ወረቀት ታስስመኛለህ?»